ባሕር ዳር ያኔ ለምን ተዘጋች? በኋላስ ለምን ክፍት ሆነች?

ጠያቂያችን ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ይነዳሉ። የላኩት ጥያቄ ይህ ነው፦

«በ2012 መጋቢት ላይ አንድ ሁለት ሰው በኮሮና ታመመ ተብሎ ከተማው ሲዘጋ ባጃጄን ግቢ አቁሜ ቤቴ ተቀመጥኩ። ዕቁብ መጣል እንኳ አቃተኝ። በዓመቱ፣ በ2013 ዐቢይ ጾም፣ በእኛ እድር በአንድ ወር አምስት ለቅሶ ተቀመጥን። ያኔ ግን መንገዱም ገበያውም ክፍት ነበር። የተሳሳታችሁት በመጀመሪያው ነው ወይስ በሁለተኛው? ደግሞስ አለፈ የተባለ በሽታ ለምን ይመላለሳል? እናቴ ያኔ የገዛችው ጣት ላይ የሚደረግ መለኪያ አሁንም አለ። ይጠቅማል ወይስ ልጣለው?»

«የተሳሳታችሁት» ሲሉ እኔንም መጨመርዎ ነው። ትክክል ነዎት። ሙያዬ የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ያኔ ባሕር ዳር ላይ ከበሽተኛ ጋር ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ከሚያፈላልጉት ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ዳር ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው አልመልስልዎትም።

አጭሩን ላስቀድም። በመጀመሪያው አልተሳሳትንም። ግን እርስዎ ዕቁብዎን አጥተው የገዙልንን ጊዜ በዋጋው ልክ አልተጠቀምንበትም። በሁለተኛው ተሳስተናል። የተሳሳትነውም ከተማውን ባለመዝጋታችን አይደለም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት ሳያልቅ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ቲሊሊን ለ14 ቀን ዘጋ። መጋቢት 30 በአገር ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ልብ ይበሉ፣ አዋጁ እንኳ ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጥ አላለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደ ሀብታም አገር ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማንችል ተናግረው ነበር፤ ቤት የሌለው ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ወጥቶ ያመጣል በሚል ምክንያት። እናም የእርስዎ ከተማ ከብዙው የአገሪቱ ክፍል የጠበቀ ነገር ነው የቀመሰችው።

ለሁለት በሽተኛ ይህ ሁሉ ለምን? አንድ የታመመ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ለሁለት ሰው ያስተላልፋል እንበል። ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ዙር አለ። በስድስተኛው ዙር ላይ 64 አዲስ በሽተኛ ይኖራል። በሁለት ወር ከ4 ሺህ ያልፋል። አሁን ሰው ትንሽ ተራርቆ አንዱ በአማካይ ለአንድ ተኩል ብቻ አስተላለፈ እንበል። በወሩ 11 ነው፤ በሁለት ወር 130 ገደማ። ከሁለት ወደ አንድ ተኩል መውረድ ሲሰሙት ኢምንት ነገር ነው። በሁለት ወር የሚያመጣው ልዩነት ግን በ130 እና በ4 ሺህ መካከል ያለው ነው። ይህ ሒሳብ ደግሞ የሚሠራው ቁጥሩ ትንሽ ሳለ ነው። በሽታው ሰፈር ለሰፈር ከተዳረሰ በኋላ መዝጋት፣ በሬው ከበረቱ ከወጣ በኋላ በሩን እንደመዝጋት ነው።

ስለዚህ ያኔ ባጃጅዎ የቆመው ለእነዚያ ሁለት ሰዎች አልነበረም። ለሰኔና ለሐምሌ ነበር።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ምን ተገኘ? አንደኛው ምርመራ ነው። በ2012 ጥር የተጠርጣሪ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ውጤት እስኪመጣ ሰውዬው በጭንቀት፣ እኛ በስልክ እንንገላታ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ መመርመር ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ እዚሁ ባሕር ዳር በክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ነሐሴ ላይ በአገር አቀፍ ዘመቻ በቀን 20 ሺህ ገደማ ናሙና ይመረመር ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ስናማ ሁሉንም አንርሳ።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ይህን ሰው አያወራውም። ሰኔ 9 ቀን 2012 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታዞን የሚባል አሮጌ፣ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን መካከል ሞትን በሦስት አንድ እጅ ገደማ፣ ኦክስጅን ከሚያስፈልጋቸው ደግሞ በአምስት አንድ እጅ ገደማ እንደሚቀንስ አስታወቁ። ይህ መድኃኒት በየሆስፒታላችን መደርደሪያ ላይ ዱሮም ነበር። ለዚህ በሽታ እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በሚያዝያ የታመመ ሰው ምንም የማያውቅ ሐኪም እጅ ወደቀ ማለት ነው። በሐምሌ የታመመው ግን ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ሐኪም አገኘ። በሽተኛን በሆድ አስተኝቶ ኦክስጅን መስጠትም በእነዚያ ወራት ነው የተለመደው። ሰው በመጀመሪያው ወር ከመታመም በአራተኛው ወር ቢታመም ይሻለዋል። መዘግየቱ ራሱ ሕክምና ነበር።

በነገራችን ላይ ያኔ የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የፌጦ ዋጋ የት እንደደረሰ ያስታውሳሉ? እኔ ቤትም ፌጦ ተደቁሷል። ባለቤቴ «አንተ ባታምንበትም ልጆቹ ይጠጡ» ብላ። ከነጋዴው በቀር የተጠቀመ አላየሁም፤ የሞተበትም አላየሁም።

ስለ ንክኪ ፍለጋው አንድ ነገር ላውጋዎት። ወረቀት ላይ የስም ዝርዝር ይዘን በየቤቱ እንዞር ነበር። ግማሹ ስልኩን ያጠፋል። ግማሹ «እኔ አላገኘሁትም፣ ከሩቅ ነው ሰላም ያልኩት» ይላል። ሰው አልፈረድኩበትም፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በር ላይ ከቆሙ ጎረቤት ለወራት ያንን ቤት ይሸሸዋል። አንድ ቀን ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ቤት አንዲት ትልቅ እናት ዘንድ ገባን። ልጃቸው ከበሽተኛ ጋር አንድ መኪና ተሳፍሮ ነበር። ቡና አቅርበው ነበርና እንጠጣ አሉን። አንችልም አልናቸው። ማስኩን አውልቀን መጠጣት የለብንም። እሳቸው ረከቦቱን እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ «ቡናዬን ከተጸየፋችሁ ልጄንም አልሰጣችሁም» አሉ። ሳቅ ልንል ነበር፤ አልሳቅንም። ልጁ ለይቶ ማቆያ የገባው የነፍስ አባታቸው መጥተው ካናገሯቸው በኋላ ነው፤ በማግሥቱ። አንድ ቀን ሙሉ ጠፋብን። ከዚያ በኋላ እኔ ቄስ ወይም የእድር ዳኛ ሳልይዝ ቤት አልገባሁም።

አሁን ያልተጠቀምንበት ወደምለው ልምጣ። ኦክስጅን ነው።

ኮሮና ጸንቶበት የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ሳንባው አየር ወደ ደም ማሳለፍ ሲያቅተው ነው። ከመተንፈሻ ማሽኑ በፊት፣ ከብርቅ መድኃኒቱ በፊት የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። በ2012 ግን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ስለ ቬንቲሌተር ነበር። ስንት አለን? ስንት ተረዳን? ቬንቲሌተር የሠለጠነ ሰውና የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። ትልቅ ሲሊንደር ግን ሐኪም ቤት በር ላይ አውርደው ማሰር ብቻ ነው። አንዱ ሲሊንደር ወደ 7 ሺህ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚያስፈልገው ሰው ከ11 ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይም። ለአንድ በሽተኛ በቀን ከሁለት በላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አሥር እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካሉ በቀን ከ20 በላይ ሲሊንደር ከመኪና ማውረድ፣ ማንከባለል፣ ማሰር፣ ባዶውን መመለስ ነው። ማምረቻው ደግሞ አየርን አጥምዶ ናይትሮጅኑን የሚለይ ማሽን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ለባሕር ዳር ሰው ስለ መብራት መጥፋት አላስረዳም።

በ2013 መጋቢት አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገርዎ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ጥፋተኞች አይደሉም። አሥራ ምናምን ሰው ኦክስጅን ላይ ነበር። ሲሊንደር አለ። ሙሉ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ተደርድሯል። የጠፋው ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ ነው፣ ሬጉሌተሩ። የነበሩት ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። መክፈቻ ቁልፉ ደግሞ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ብቻ ነበር። ነርሷ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ እንደ ማተብ። ሲሊንደር ባለቀ ቁጥር ትሮጣለች። አንዱ ጋ ስትፈታ ሌላው ጋ ቤተሰብ ይጮኻል። «ሲስተር! ሲስተር!» ያን ሌሊት አንድ ሰው ሞተ። ሬጉሌተር ስላልነበረ ነው ብዬ አልምልም። ግን ዕቃው ውድ አልነበረም። ከተማ ዘግተን የገዛነውን ያን ሁሉ ወር ባለቧንቧ ባልዲ በየሱቁ ደጃፍ ስንደረድር አሳለፍነውና ይህን ለመቁጠር ጊዜ አጣን። ባልዲውም መልካም ነበር። በኋላ ግን ውሃው ደረቀ፣ ባልዲው የእቃ ማጠቢያ ሆነ።

በሽታው ለምን ይመላለሳል ላሉት። አሣ አጥማጆች ጣና ላይ ጠዋት ውሃው ጸጥ ሲል ታንኳ ያወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚያስነሳው ያውቃሉ። ጸጥ ማለቱ ማዕበል አለቀ ማለት እንዳልሆነ ከልጅነታቸው ተምረውታል። ወረርሽኝም እንደዚያ ነው፤ ብቻ ነፋሱ ከሦስት በኩል ይመጣል።

አንዱ እኛ ነን። ሰው ሲፈራ ይራራቃል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲወርድ ፍርሃቱ ይለቃል። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ጥምቀት አለ። በ2013 ጥምቀት ላይ የነበረውን ሕዝብ እርስዎም አይተውታል። ሁለተኛው ሰውነታችን ነው። አንዴ የታመመ ወይም የተከተበ ሰው መከላከያው በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከከባድ ሕመም ለረጅም ጊዜ ይጠብቀዋል፣ ከመያዝ ግን ያን ያህል አይጠብቀውም። ሦስተኛው ቫይረሱ ራሱ ነው። በተባዛ ቁጥር ይሳሳታል። ከስህተቶቹ መሃል አንዱ በቀላሉ የሚተላለፍ ሆኖ ከተገኘ ሌሎቹን ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። አልፋ፣ ዴልታ፣ ኦሚክሮን ሲባል የሰሙት ይህ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማዕበል ጫፉ ላይ የደረሰው በ2012 ነሐሴ ነው። ሁለተኛው በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ፣ እርስዎ አምስት ለቅሶ የተቀመጡበት። ሦስተኛው በዴልታ ከ2013 ነሐሴ እስከ 2014 መስከረም። አራተኛው ኦሚክሮን ነው፤ በ2014 ታኅሣሥ በአንድ ቀን 5 ሺህ ገደማ ሰው የተገኘበት ቀን ነበር፤ ግን ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ወረደ። በ2014 ሰኔ ትንሽ ብቅ ብሎ ጠፋ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነቱ አበቃ አለ። በሽታው አበቃ አላለም።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የከፋው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ግን እንደዚያ አላስመሰለውም። በነሐሴ 2012 ወደ 20 ሺህ ናሙና ተመርምሮ በቀን ሺህ አምስት መቶ ገደማ ሰው ይገኝ ነበር። ከመቶ ሰባት ስምንት ማለት ነው። በ2013 መጋቢት መጨረሻ 8 ሺህ ገደማ ተመርምሮ 2 ሺህ ያህል ተገኘ። ከአራት ሰው አንዱ! ዜናው ላይ የሚሰሙት «2 ሺህ» ነው። ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር። ከአራት አንዱ ሲገኝ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። የምናገኘው የታወቀውን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ከተማው ውስጥ እየተዘዋወረ ነው። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ባሉ የጤና ባለሙያዎች ላይ በተሠራ የደም ጥናት ቫይረሱ ያገኛቸው በነሐሴ 2012 ከመቶ 11 ገደማ ነበሩ። በየካቲት 2013 ከግማሽ በልጠው ተገኙ። ጅማም ላይ እንዲሁ ከግማሽ አልፎ ነበር። ሁለተኛው ማዕበል ገና ጫፉ ላይ ሳይደርስ ነው ይህ።

በመጨረሻ በአገር ደረጃ የተመዘገበው በሽተኛ 500 ሺህ ገደማ፣ ሞቱ ከ7,500 ትንሽ በላይ ነው። ሰው ሁሉ «ለምን እኛ አልሞትንም?» ይላል። ግማሹ መልስ እውነተኛ ደስታ ነው፦ አገራችን የወጣት አገር ናት። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ይህ በሽታ ደግሞ ሽማግሌ ላይ ነው የሚበረታው። ግማሹ መልስ ግን አልቆጠርንም ነው። ቤቱ የሞተ ሰው ናሙና አይወሰድበትም። የሞት ምዝገባችን ገና ዳዴ እያለ ነው። እናቱን ቤት ያስታመመ ልጅ «በምን ሞቱ?» ሲባል «በሳንባ ምች»፣ «በድንገት» ይላል። አይዋሽም፤ የሚያውቀው ያንን ነው።

እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ጥያቄ ያስደነቀኝ። «በአንድ ወር አምስት ለቅሶ» ብለዋል። ይህን ቁጥር ማንም አልጠየቀዎትም፣ እርስዎ ግን ያውቁታል። እድርዎ መዝገብ አለው። ማን እንደሞተ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ብር እንደተከፈለ ጸሐፊው በደብተር ይጽፋል። በወር አንድ የሚቀመጥ እድር በድንገት አምስት ከተቀመጠ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ ማዕበሉ ታውቋል ማለት ነው። ይህ የቅዠት ሐሳብ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በኤች አይ ቪ ዘመን በየመቃብሩ ቀብር እየተቆጠረ ሞቱ ክትትል ተደርጎበታል። ባሕር ዳር ላይ የእድር ጸሐፊዎችን ስልክ ሰብስቦ በየሳምንቱ «ስንት?» ብሎ መጠየቅ የሚያስወጣው የካርድ ብር ብቻ ነበር። ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። «መረጃው ሳይንሳዊ አይደለም» ተባለ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

በሁለተኛው ተሳስተናል ያልኩት ይህንን ነው። ማየት ያለብንን ቁጥር አላየንም። ብናይስ እንዘጋ ነበር? አንዘጋም፤ መዝጋትም አልነበረብንም። በየቀኑ ወጥቶ የሚበላ ከተማ መዘጋትን አንዴ ይችለዋል፣ ሁለቴ አይችለውም። በመጀመሪያው ሰው ፈርቶም አምኖም ስለነበር እሺ አለ። በዓመቱ ቁጠባው አልቋል፣ ዕዳ አለበት፣ ፍርሃቱም ተሟጧል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በ2012 ማብቂያ ላይ አብቅቶ በመመሪያ ተተክቷል፤ ማስክ አድርጉ፣ አትጨባበጡ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ የሚል። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ባንክ በር ላይ ማስክ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ዘበኛው ሲያይ ይለበሳል፣ ውስጥ ሲገባ አገጭ ላይ ይወርዳል። በዚያ ላይ በሰሜን ጦርነት ተነስቶ ነበር፤ ባሕር ዳር ላይም ሮኬት ወድቋል። ምርጫውም እየቀረበ ነበር፣ ሰልፍ አለ። ሮኬት ያየ ሰው ስለ ማስክ አይሰማዎትም። ኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ማዕበል ጊዜ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ወሎ ዘልቆ የጤና ተቋማት ሲወድሙ፣ ተፈናቃይ በየትምህርት ቤቱ ሲያድር፣ ኮሮና ከብዙ መከራ አንዱ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ሳይዘጋ ምን ይደረግ ነበር? ሽማግሌዎችን ብቻ ነጥሎ መጠበቅ። ለቅሶን ከድንኳን ውስጥ ወደ ሜዳ ማውጣት። የታመመ ሰው ሳይዘገይ እንዲመጣ ማድረግ። ይሄ የመጨረሻው ትልቁ ነው። ሰው ይዘገይ ነበር። ለይቶ ማከሚያ የገባ አይወጣም ተብሎ ተወርቷል። ጠበል ይሞክራል፣ ዳማከሴ ይሞክራል፣ ክኒን ገዝቶ ይውጣል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ከጠበሉ መልስ ቢመጣ ግን ምን ነበረበት? ስምንተኛው ቀን ላይ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በባጃጅ ተደግፎ ይመጣል። እርስዎም ሳያመጧቸው አልቀሩም።

ሌላ የተከፈለ ዋጋም አለ። ትምህርት ቤት ከግማሽ ዓመት በላይ ተዘግቶ የቀሩ ሴት ልጆች አሉ፤ ተዳሩ። እናቶች ፈርተው ከእርግዝና ክትትል ቀሩ። የኩፍኝ ዘመቻ ተራዝሞ ነበር። ግን ይህኛው በጊዜው ታርሟል፤ በ2012 ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ ወረርሽኙ መሃል፣ 15 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተከትበዋል። ስለ ስህተት ስጽፍ ይህንን ካልጨመርኩ ነውር ነው።

ስለ ክትባቱ አላረዝምም። 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት ክትባትን ለድሃ አገሮች በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል መጥቶ መጋቢት 4 ቀን 2013 መስጠት ተጀመረ፤ ልክ በሽታው በገባ በዓመቱ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው የሚበቃ። አምራቿ ህንድ በራሷ ማዕበል ስትመታ ወደ ውጭ መላክ አቆመች፤ ሁለተኛው ዙር ተጓተተ። ደረሰ የተባለው ክትባት በብዛት የመጣው ብዙው ሰው ታሞ ከዳነ በኋላ ነው። የሀብታም አገሮችን ስግብግብነት እዚህ ላይ አንስቼ መናደድ እችላለሁ። ተናድጄበታለሁም።

የጣና ዳር ለወረርሽኝ እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ የሰፈረውን የአፄ ቴዎድሮስን ጦር ኮሌራ ገባበት። ንጉሡ ሠፈሩን አስነስተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ኮሚቴ ማቋቋም የለም፤ ውሃው ዳር መጥፎ ከሆነ ወደ ላይ። ጀርም የሚባል ነገር በማይታወቅበት ዘመን ከተበከለ ውሃ መራቁ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። በ1911 ኅዳር ደግሞ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ 10 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ የተረፈ ነው። አያቶቻችን ጭስ ተዉልን። እኛ ምን እንደተውን አላውቅም፤ ለጊዜው የማየው የደረቁ ባልዲዎችን ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። አይጣሉት!

ያቺ ጣት ላይ የምትቆነጥጥ ዕቃ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ታሳያለች። ለኮሮና ብቻ አይደለችም፤ ለሳንባ ምች፣ ለአስምም ትሆናለች። በዚህ በሽታ የታየው ክፉ ነገር አንዳንዱ ሰው ኦክስጅኑ ወርዶም «ደህና ነኝ» እያለ ማውራቱ ነው። ሰውዬው ሳያውቀው ዕቃዋ ታውቃለች። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ጤነኛ ሰው ላይ 94፣ 95፣ 96 ቢያዩ አይደንግጡ። 92 ወይም 91 ካሳየ እና ሰውዬው ካመመው ሐኪም ቤት ይሂድ። ከ90 በታች ከሆነ አሁኑኑ ባጃጁን ያስነሱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ዕቃዋ ከእውነተኛው ትንሽ አብዝታ ልታነብ ትችላለች፤ ስለዚህ «93 ነው፣ ምንም አይልም» ብለው የሚያቃስት ሰው ቤት አያቆዩ።

እናትዎ እንሶስላ ከሞቁ ወይም ጥፍር ቀለም ካለ በዚያ ጣት አይለኩ። እጅ ከቀዘቀዘ ያሙቁት። ሰውዬው ተቀምጦ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፤ ጣቱን ያስገባ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። መጀመሪያ የምታሳየውን አይመኑ። ከዚያ ሰዓቱንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሐኪሙ ከእርስዎ ትዝታ ይልቅ ወረቀቱን ይወደዋል።

ስትቀመጥ ደግሞ ባትሪዎቹን ያውጡላት። የእኔዋ ባትሪው ውስጧ ፈስሶ ተበላሽታ ነው የተገኘችው።